ያውቁ ኖሯል? ከባሕሩ አሸዋ እስከ ሻይ ተራራ በስሪላንካ

ስሪላንካን ብዙዎቻችን የምናውቃት በሻይ ፓኮ ላይ በተጻፈው «ሲሎን» በሚለው የቀድሞ ስሟ ነው። ሻይዋ ግን የታሪኳ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው። በዚህች ደሴት ጠዋት በባዶ እግሩ አሸዋ የረገጠ መንገደኛ፣ ማታ ሹራብ ደርቦ ጉም በሸፈነው ተራራ ላይ ያድራል። በዛሬው ዓምዳችን ከባሕሯ ተነሥተን ወደ ተራራዋ እንወጣለን። በየደረጃው አንድ ነገር ልብ እንዲሉልን እንለምናለን፦ ዓይን የሚማርከውን ሁሉ ያበጀ፣ የለቀመ፣ የላጠ የሰው እጅ አለ። የጠቀስናቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሟና መልኳ

• ያውቁ ኖሯል? የስሪላንካ የቆዳ ስፋት 65,610 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ ዐሥራ ሰባት ስሪላንካ ትገባለች። በዚያች ጠባብ መሬት ግን 1,340 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የባሕር ዳርቻና ከ2,500 ሜትር በላይ የሚወጣ ተራራ ጎረቤታሞች ናቸው።

• ከተራሮቿ ሁሉ የሚበልጠው ፒዱሩታላጋላ 2,524 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከእንጦጦ ያንሳል። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ከፍታው ብርቅ አይሆንበትም። የሚደንቀው ከባሕር ጠለል ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ የአንድ ቀን መንገድ መብቃቱ ነው።

• ግሪኮች ታፕሮባኔ፣ ዐረቦች ሰረንዲብ፣ አውሮፓውያን ሲሎን ይሏት ነበር። ነፃነቷን በ1948 ብታገኝም ስሪላንካ የሚለውን ስም በይፋ የያዘችው በ1972 ነው። ሆራስ ዋልፖል የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ በ1754 «ሰረንዲፒቲ» የሚለውን ቃል ያወጣው ሰረንዲብ ከሚለው ስሟ ነው፤ ሳይፈልጉት የተገኘ መልካም ነገር ማለት ነው።

• የአክሱም መንግሥት ወደብ የነበረችው የአዱሊስ ሰዎች ከዛሬ 1,500 ዓመት ገደማ በፊት ስሪላንካ ይደርሱ ነበር። በአፄ ካሌብ ዘመን አዱሊስን ያየው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፣ ከሕንድ፣ ከፋርስና ከኢትዮጵያ የሚመጡ መርከቦች በደሴቲቱ ይገናኙ እንደነበር ጽፏል። ሶፓትሮስ የተባለ ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ተሳፍሮ መሄዱንም ይተርካል። የደሴቲቱ ንጉሥ «ከሮማና ከፋርስ ነገሥታት ማን ይበልጣል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሶፓትሮስ የሁለቱንም ገንዘብ አስቀርቦ አስነጻጸረው። የሮማው ወርቅ፣ የፋርሱ ብር ነበርና ፍርዱ ለሮማ ሆነ።

• «አዩቦዋን» በሲንሃላ ቋንቋ ሰላምታ ነው፤ ሁለት እጅ ደረት ላይ ገጥሞ ጎንበስ በማለት ይነገራል። ፍቺው ረጅም ዕድሜ ይኑርዎ ማለት ነው። እኛ ለምስጋና «እድሜ ይስጥልኝ» የምንለውን እነሱ ገና ሲገናኙ ይመርቁበታል።

• የሲንሃላና የታሚል ቋንቋዎች ፊደላት አሠራር ከእኛው ፊደል ጋር ይመሳሰላል። «ለ» ድምፁ ሲለወጥ «ሉ»፣ «ሊ»፣ «ላ» እያለ መልኩን እንደሚቀያይር፣ በእነሱም ዘንድ ተነባቢው አናባቢውን በምልክት ይሸከማል። የሲንሃላ ፊደል ክብ ክብ የመሆኑ ምክንያት ይጻፍበት የነበረው የዘንባባ ቅጠል ነው ይባላል፤ ቀጥ ያለ ጭረት ቅጠሉን ይሰነጥቀዋልና። የእኛ ደብተራዎች በጠንካራ ብራና ስለጻፉ ከዚያ ሥጋት ነፃ ነበሩ።

ባሕሩ ዳር

• ያውቁ ኖሯል? በስሪላንካ ዝናብ የሚያመጡ ሁለት ነፋሳት አሉ። የደቡብ ምዕራቡ ከግንቦት እስከ መስከረም፣ የሰሜን ምሥራቁ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገደማ ይነፍሳሉ። በደቡብ ምዕራብ ያሉት የሂካዱዋና የሚሪሳ ባሕር በሚናወጥበት ወራት፣ በምሥራቅ ያሉት የአሩጋም ቤይና የትሪንኮማሊ ባሕር ፀጥ ይላል። ስለዚህ ወሩ የትኛውም ቢሆን ዋና የሚያስዋኝ ዳርቻ አይጠፋም። ዋናው ነገር የትኛው ዳርቻ በየትኛው ወር እንደሚሻል አስቀድሞ ማወቅ ነው።

• በደቡብ ምዕራብ ጫፍ የምትገኘው የጋል ከተማ በአሮጌ ግንብ የታጠረች ናት። ፖርቱጋሎች የጀመሩትን ምሽግ ደቾች በ1640 ነጥቀው በድንጋይና በባሕር ኮራል አሰፉት። በአሮጌው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ የደች የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አርማና 1669 የሚል ዓመት ተቀርጾ ዛሬም ይነበባል። በግንቡ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ፣ ትምህርት ቤትና መኖሪያ ቤት ተጎራብተው ይኖራሉ። ከተማዋ በ1988 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

• የጋልን የጥንት ቦዮች ያጥባቸው የነበረው ባሕሩ ራሱ ነበር። ደቾች ከመንገዱ ሥር የሠሯቸው መውረጃዎች ማዕበሉ ሲሞላ በውኃ ይጥለቀለቁና ሲመለስ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣ ነበር።

• በ1911 አንድ መሐንዲስ ጋል ውስጥ የውኃ መውረጃ የተከደነበትን ድንጋይ ቢያየው፣ በሦስት ቋንቋ የተጻፈ ሐውልት ሆኖ ተገኘ። የቻይናው የባሕር አዛዥ ዜንግ ሄ ያመጣው ሲሆን የተቀረጸው በ1409 ነው። በቻይንኛ ለቡድሃ፣ በታሚል ለሂንዱ አምላክ፣ በፋርስኛ ለአላህ የቀረበ ስጦታ ተዘርዝሮበታል። ዛሬ በኮሎምቦ ብሔራዊ ሙዚየም ይታያል።

• ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 የመጣው ሱናሚ በስሪላንካ ከ30,000 በላይ ሰው ፈጅቷል። አዲሱን የጋል ከተማ ክፉኛ ሲመታ፣ አሮጌው ከተማ ግን ግንቡ ከልሎት ብዙም ሳይጎዳ ተረፈ። ለመድፍ የተሠራ ምሽግ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ከውኃ አዳነ።

• በዚያው ቀን ከኮሎምቦ ወደ ደቡብ ይጓዝ የነበረ ባቡር በፔራሊያ መንደር አጠገብ ቆሞ ነበር። የመጀመሪያው ማዕበል ሲመጣ የመንደሩ ሰዎች መጠጊያ መስሏቸው ወደ ፉርጎዎቹ ወጡ። ሁለተኛው ባቡሩን ከሐዲዱ ነቅሎ ወሰደው። ከ1,500 በላይ ሰው ያለቀበት ይህ አደጋ በዓለም የባቡር ታሪክ ከሁሉ የከፋው ነው። በዚያ መንገድ ሲያልፉ መታሰቢያው አጠገብ ጥቂት ይቁሙ።

• በኮጋላ አካባቢ ዓሣ አጥማጆች በባሕሩ ወለል ላይ በተተከለ ግንድ ላይ ተቀምጠው መንጠቆ ይጥላሉ። አሠራሩ የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ምግብ ሲያጥር ነው ይባላል። ዛሬ ከአጥማጆቹ ብዙዎቹ ኑሯቸውን የሚደግፉት ፎቶ አንሺ በሚከፍላቸው ነው። ካሜራዎን ከማንሣትዎ በፊት ዋጋውን ተነጋግረው፣ ከልብ ይክፈሉ።

• በምዕራቡ ዳርቻ ከአንዱ የኮኮናት ዛፍ ጫፍ ወደ ሌላው ገመድ ተዘርግቶ ያያሉ። መንገድ ነው። የኮኮናት አበባን ፈሳሽ የሚቀዱ ሰዎች ከአንዱ ዛፍ ሳይወርዱ ወደ ሌላው የሚሻገሩበት ነው። ፈሳሹ ሲፈላ «ቶዲ» የሚባል መጠጥ ይወጣዋል፤ ሲጣራ ደግሞ «አራክ» ይሆናል።

• በመንገድ ዳር የሚሸጠው ብርቱካናማ ኮኮናት «ታምቢሊ» ይባላል፤ ከሌላው ኮኮናት የሚለየው ለውኃው ሲባል መተከሉ ነው። ሻጩ በቢላዋ አናቱን ከፍቶ ይሰጥዎታል። ውኃውን ጠጥተው ሲጨርሱ መልሰው ቢሰጡት ለሁለት ይከፍለውና ከራሱ ቅርፊት ማንኪያ ሠርቶ ለስላሳውን ሥጋ ያበላዎታል።

• ዓለም እውነተኛውን ቀረፋ በአብዛኛው የሚያገኘው ከስሪላንካ ነው። ፖርቱጋሎችን በ1505፣ ከዚያም ደቾችን የሳበው ይኸው ቅርፊት ነበር። አሠራሩን ጠጋ ብለው ይመልከቱ፦ ላጩ መሬት ላይ ተቀምጦ የተቆረጠውን ቅርንጫፍ በእግሩ ደግፎ ሸካራውን የውጭ ልባስ ይፍቃል። ከዚያ በነሐስ ዘንግ አጥብቆ ያሸዋል፤ የውስጡ ቅርፊት ከእንጨቱ እንዲላቀቅ ነው። በትንሽ ቢላዋ ዙሪያውንና ቁመቱን ሰንጥቆ ሳይቀደድ ያወጣዋል። እንደ ወረቀት የሳሳውን ቅርፊት አንዱን በሌላው ውስጥ እየከተተ ያጠቀልልና ጥላ ሥር ያደርቀዋል። እጁ አንድ ጊዜ ከሳተ ጥቅሉ ይሰበራል።

• ገበያ ላይ ቀረፋ ሲገዙ ጫፉን ይዩት። እንደ ሲጋራ ብዙ ስስ ቅርፊት ተጠቅጥቆ የሚታይበትና በጣት የሚሰበር ከሆነ የሲሎኑ ነው። ወፍራም፣ ጠንካራና አንድ ጥቅል ብቻ ከሆነ ካሲያ የሚባለው ዘመዱ ነው።

• በጋልና በዌሊጋማ አካባቢ እናቶች በትራስ ላይ መርፌ ተክለው በደርዘን የሚቆጠሩ የእንጨት ማጠንጠኛዎችን እያቀያየሩ ዳንቴል ይሠራሉ። «ቢራሉ» ይባላል። ጥበቡ ከፖርቱጋሎች ዘመን የመጣ ነው። የአንድ መዳፍ ስፋት ያለው ዳንቴል ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ዋጋው ላይ ከመከራከርዎ በፊት ጥቂት ቁጭ ብለው እጃቸውን ይመልከቱ።

• በዓለም ካሉት ሰባት የባሕር ኤሊ ዝርያዎች አምስቱ በስሪላንካ አሸዋ ላይም እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ታንጋሌ አጠገብ ባለችው በሬካዋ በሌሊት ወጥታ አሸዋ የምትቆፍር ኤሊ ማየት ይቻላል። የካሜራ ብልጭታና የባትሪ ብርሃን ግን ያስደነግጣታል፤ ጫጩቶቹንም መንገድ ያስታል።

• ከሚሪሳ ወደብ ጀልባ የሚይዝ ሰው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ሰማያዊ ዓሣ ነባሪን ሊያይ ይችላል፤ በምድር ላይ ከኖሩ እንስሳት ሁሉ ግዙፉን። በዚያ በኩል የባሕሩ ወለል ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ወደ ጥልቁ ስለሚወርድ፣ እንስሳቱ ወደ መሬት ይቀርባሉ።

ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ

• ያውቁ ኖሯል? ዛሬ ቱሪስት የሚጋፋበት የተራራው ባቡር መጀመሪያ የተዘረጋው ለቡና ነው። ከተራራው እርሻ ወደ ኮሎምቦ ወደብ ቡና በበሬ ጋሪ ማውረድ ሳምንታት ይፈጅ ነበርና እንግሊዞች ሐዲድ ዘረጉ። የመጀመሪያው መሥመር በ1864 ተከፈተ፤ በ1867 ተራራ ላይ ያለችው ካንዲ ከተማ ደረሰ።

• ከኮሎምቦ እስከ ባዱላ ያለው ሐዲድ ወደ 290 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። መጨረሻው ላይ የተደረሰው በ1924 ነው፤ ስልሳ ዓመት መሆኑ ነው። በመንገዱ ላይ ከሁሉ ከፍ ያለው የፓቲፖላ ጣቢያ ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ተሳፋሪው ከኮሎምቦ በላብ ይነሣና እዚያ ሲደርስ መስኮት ይዘጋል።

• በኤላና በደሞዳራ መካከል ያለው ባለ ዘጠኝ ቅስት ድልድይ በ1921 የተጠናቀቀ ነው። 24 ሜትር ከፍታና 91 ሜትር ርዝመት ያለው ይህ ድልድይ የተሠራው ያለ ብረት፣ በድንጋይ፣ በጡብና በሲሚንቶ ነው። ባቡር እስኪመጣ ሐዲዱ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሣት እየተለመደ መጥቷል፤ አያድርጉት። ከሻይ ተክሉ መካከል ካለው ቁልቁለት ሆነው ሲያዩት ይበልጥ ያምራል።

• ደሞዳራ ላይ ተራራው ቁልቁለት ስለበዛበት መሐንዲሶቹ ሐዲዱን እንደ ጥምጣም ጠመዘዙት። ባቡሩ ከጣቢያው ወጥቶ ኮረብታውን ከዞረ በኋላ በዋሻ ገብቶ በዚያው ጣቢያ ሥር ያልፋል።

• እኛ «ባጃጅ» የምንላትን ስሪላንካውያን «ትሪ ዊል» ይሏታል። የተመዘገቡት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይመልከቱ።

• ጠዋትና ማታ በየሰፈሩ የቤትሆቨንን «ፉር ኤሊዘ» እያሰማች የምታልፍ ባጃጅ ካጋጠመችዎ ዳቦ ሻጭ ናት። ከኋላዋ በመስታወት ሣጥን ትኩስ ዳቦና ኬክ ጭናለች። ሕፃናቱ ዜማውን ሲሰሙ ሳንቲም ይዘው ይሮጣሉ።

ተራራው

• ያውቁ ኖሯል? ፖርቱጋሎችም ደቾችም ባሕሩን ዳር ይዘው ተራራውን አልያዙም። ከ1505 ጀምሮ ሦስት መቶ ዓመት ያህል የካንዲ መንግሥት በገደልና በደን ተከልሎ ነፃ ቆየ። የወደቀው በ1815 ከእንግሊዞች ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። ተራራ ለአገር ምሽግ እንደሚሆን ለኢትዮጵያዊ አይነገረውም።

• ከዚያ በኋላ በእንግሊዞች ዘመን መጀመሪያ የካንዲን ኮረብታ የሞላው ሻይ ሳይሆን ቡና ነበር፤ ከእኛ ደን የወጣው የአረቢካ ዘር። ሲሎን ከዓለም ታላላቅ ቡና ላኪዎች አንዷ ለመሆን በቅታለች። በ1869 ግን የቡናን ቅጠል የሚያጠቃ ዋግ ታየ። ቅጠሉ ሥር ብርቱካናማ ዱቄት የሚመስል ነገር ወጣ፤ ቅጠሉ ረገፈ፤ ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ እርሻው ጠፋ። ተራራው ሁሉ በአንድ ዓይነት ተክል ተሸፍኖ ስለነበር በሽታውን የሚገታው አልተገኘም። በእኛ ደን ቡናው በሌላ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ልዩ ልዩ ዘር ሆኖ ስለሚኖር ከዚሁ በሽታ ጋር ተላምዶ ኖሯል። የደን ቡናችንን መጠበቅ ለምን እንደሚያስፈልግ የሲሎን ተራራ ምስክር ነው።

• በሽታው ከመታየቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1867፣ ጄምስ ቴይለር የተባለ ስኮትላንዳዊ በሉልኮንዴራ እርሻ ወደ 8 ሄክታር መሬት ላይ ሻይ ተክሎ ነበር። በ1873 ለንደን የደረሰው የመጀመሪያው ጭነት ዐሥር ኪሎ ያህል ብቻ ነበር። ቡናው ሲሞት ደሴቲቱን ያዳናት ይህ ሙከራ ነው።

• ጥሩ ሻይ የሚለቀመው ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እምቡጥ እየተባለ ነው። ለቃሚዋ የጆንያዋን ማንገቻ ግንባሯ ላይ አስራ፣ ጆንያውን ጀርባዋ ላይ ጥላ ገደሉን ትይዛለች። ሁለት እጇ እንደ ዶሮ አፍ ፈጥኖ ይለቅማል፤ እፍኟ ሲሞላ በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ ትወረውራለች። በቀን የሚጠበቅባት 18 ወይም 20 ኪሎ ያህል ነው። ከዚያ ሁሉ ቅጠል ደርቆ የሚወጣው ሻይ አራት አምስት ኪሎ ቢሆን ነው። ሚዛኑ ላይ ስትቆም ደመወዟም ይመዘናል።

• እነዚህ ለቃሚዎች አብዛኞቹ የተራራው ታሚሎች ናቸው፤ ራሳቸውን «ማላያሃ» ይላሉ። አያቶቻቸውን እንግሊዞች ከደቡብ ሕንድ ለቡና፣ ኋላም ለሻይ አመጧቸው። ከባሕሩ እስከ ተራራው በእግራቸው ሲጓዙ ብዙዎች በመንገድ ቀርተዋል። አገሪቱ በ1948 ነፃ ስትወጣ በወጣው ሕግ አብዛኞቹ ዜግነት ተከለከሉ፤ የቀሩት አገር አልባዎች ዜግነት ያገኙት በ2003 ነው። ዛሬም ብዙዎች በእንግሊዞች ዘመን በተሠሩ፣ በመደዳ በተደረደሩ ባለ አንድ ክፍል ቤቶች ይኖራሉ። አረንጓዴው ኮረብታ ሲያስደንቅዎ ይህንንም አብረው ያስቡ።

• ኑዋራ ኤሊያ 1,868 ሜትር ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት። በጥርና በየካቲት ሌሊት ውርጭ ይጥልባታል። ካሮት፣ ባሮ ሽንኩርትና እንጆሪ ይበቅልባታል። እንግሊዞች አገራቸውን አስመስለው የሠሯት ስለሆነች በቀይ ጡብ የተሠራ ፖስታ ቤት፣ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳና ትልቅ የአትክልት ሥፍራ አላት።

• ኑዋራ ኤሊያን ከመሠረቱት አንዱ ሳሙኤል ቤከር ነው። ዘር፣ ከብትና የእጅ ባለሙያ ከእንግሊዝ አምጥቶ በዚያ እርሻ ጀመረ። ይኸው ሰው በ1861 ወደ እኛ ወንዞች መጥቶ አትባራንና ተከዜን ሲቃኝ ከረመ፤ የዓባይን የሐበሻ ገባሮች የሚመለከት መጽሐፍም በ1867 አሳትሟል።

• ስሪ ፓዳ የሚባለው 2,243 ሜትር ተራራ አናቱ ላይ የእግር ዱካ የሚመስል ድንጋይ አለው። ቡድሂስቶች የቡድሃ፣ ሂንዱዎች የሺቫ፣ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች ደግሞ የአዳም ነው ይላሉ። አራት ሃይማኖት በአንድ ደረጃ ይወጣል። ኢብን ባቱታም በ1344 ወጥቶታል። ምዕመናኑ ከ5,000 በላይ ደረጃውን በሌሊት ጀምረው ንጋት ላይ ይደርሳሉ፤ አናቱ ላይ ያለውን ደወል በወጡበት ጊዜ ቁጥር ልክ ይደውላሉ። አንዳንድ ሽማግሌ ሲደውሉ ቆጥሮ መጨረስ ያቅታል።

• ሆርተን ሜዳ ላይ «የዓለም ጫፍ» የሚባል ገደል አለ፤ ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ጉም ስለሚሸፍነው በማለዳ መድረስ ያስፈልጋል። ይህ ሜዳና የስሪ ፓዳ ደን በ2010 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል።

ማዕድና ሥርዓት

• ያውቁ ኖሯል? ስሪላንካውያን ከሩዝ ዱቄትና ከኮኮናት ወተት አቡክተው፣ ሊጡ ሌሊቱን እንዲቦካ ትተው፣ ጠዋት «አፓ» የሚባል ምግብ ይጋግራሉ። ጋጋሪዋ ሊጡን በትንሽ ጎድጓዳ ምጣድ አፍስሳ በእጇ ዞር ታደርገውና ትከድነዋለች። ሲከፈት ዳሩ እንደ ዳንቴል ስስና ቁርጥርጥ የሚል፣ መሐሉ ግን ለስላሳና ዓይን ያለው ሆኖ ይወጣል። ያንን ዓይን ሲያይ እንጀራ ያደገበት ሰው እርሾ ቋንቋ እንደማይለይ ያውቃል። መሐሉ ላይ እንቁላል ይሰበርለት ይሆናል፤ ከተፋቀ ኮኮናት፣ ሚጥሚጣና ሎሚ ከሚሠራው «ፖል ሳምቦል» ጋር ይበላል።

• ሩዝና ወጥ በቀኝ እጅ መብላት የተለመደ ነው። ማታ ማታ ከየምግብ ቤቱ የሚሰማው የብረት ኳኳታ «ኮቱ» ነው፤ ቂጣ ከአትክልትና ከእንቁላል ጋር በጋለ ብረት ላይ በሁለት መክተፊያ እየተከተፈ የሚሠራ የመንገድ እራት።

• ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቁጥር በመላ አገሪቱ በዓል ነው፤ «ፖያ» ይባላል። በዚያ ቀን መጠጥ አይሸጥም። ምዕመናን ነጭ ለብሰው፣ አበባ ይዘው ወደ ቤተ መቅደስ ይሄዳሉ። በእሑድ ጠዋት ነጠላ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ሕዝባችንን ያስታውሳል።

• ወደ ቤተ መቅደስ ሲገቡ እንደኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወልቃል፤ ኮፍያም እንዲሁ። ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል። ለቡድሃ ሐውልት ጀርባ ሰጥቶ ፎቶ መነሣት ነውር ነው።

• ሲንሃሎችና ታሚሎች አዲሱን ዓመት የሚቀበሉት ሚያዝያ 13 ወይም 14 ቀን ነው። አሮጌው ዓመት አልፎ አዲሱ እስኪገባ ሥራ የማይሠራበት፣ ምድጃ የማይነድበት ጥቂት ሰዓት አለ። ከዚያ ኮከብ ቆጣሪዎች ባወጡት ደቂቃ በየቤቱ እሳት ይለኮሳል፤ በአዲስ የሸክላ ድስት ወተት ይጣዳል፤ ወተቱም እንዲገነፍል ይተዋል። መገንፈሉ የበረከት ምልክት ነው።

• ይህች አገር በቅርብ ዓመታት ብዙ አይታለች። እስከ 2009 የዘለቀ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በ2019 የፋሲካ ዕለት የቦምብ ጥቃት፣ በ2022 ነዳጅና መድኃኒት ያሳጣ የኢኮኖሚ ቀውስ ደርሶባታል። ሆኖም በ2024 ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ተቀብላለች። በቤተሰብ የሚተዳደር ማረፊያ መርጦ የሚያድር እንግዳ ገንዘቡ በቀጥታ ከቤተሰቡ ጓዳ ይገባል።

እኛና እነሱ

• ያውቁ ኖሯል? ከኢትዮጵያውያን መካከል ስሪላንካውያንን በቅርብ የሚያውቁት በቤይሩት፣ በኩዌትና በሪያድ የሠሩ እኅቶቻችን ናቸው። የስሪላንካ ሴቶች ከእኛዎቹ ቀድመው ለቤት ሥራ ወደ እነዚያ ከተሞች ሄደዋል። በሊባኖስ «ስሪላንኪያ» የሚለው ቃል ለማንኛዋም የቤት ሠራተኛ ይነገር ነበር፤ ኢትዮጵያዊቷም በዚያ ስም ተጠርታለች። ሁለቱም በአንድ ሕንፃ፣ በተጎራባች ወጥ ቤት ሠርተዋል፤ ሁለቱም ደመወዛቸውን ለልጅና ለእናት ልከዋል።

• ከተራራው የሻይ እርሻዎችም ብዙ ሴቶች በዚያው መንገድ ሄደው ተመልሰዋል። እንግዲህ አንድ ቀን ዕድል ገጥሞዎ ኤላ ወይም ሃፑታሌ ደርሰው፣ በአንዲት መንደር ቤት ሻይ የምትቀዳልዎ እናት ከየት እንደመጡ ብትጠይቅዎ አገርዎን ይንገሯት። የኢትዮጵያ ልጅ ስም ታውቅ ይሆናል። ፎቶውን ያቆዩትና ስለ እነዚያ ዓመታት ይጠይቋት።